ሞተር ሲንቀጠቀጥ፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት ምክንያቱን መፈለግ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ መኪና ሞተር እንደምናገር ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። የሒሳብ ሠራተኛን ከሞተር ጋር ምን አገናኛት ብትሉ መልሱ አጭር ነው፤ ደረሰኝ አገናኘን። ከመካከላችን ከማኅበሩ ተበድረው በቤተሰብ ሚኒባስ ወይም አሮጌ ዲኤክስ ገዝተው የሚሠሩ አሉ። የገቢና ወጪ መዝገባቸውን ስንሠራ ከነዳጅ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ጥገና ነው።

አንዲት እኅታችን ስሟን ሳልጠራ እንድናገር ፈቅዳልኛለች። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት የጥገና ደረሰኝ አመጣችልኝ። የመጀመሪያው አራት ካንዴላ የተገዛበት ነው። ሁለተኛው ቦቢና የተቀየረበት ነው። ሦስተኛው ካርቡራተር ተፈትቶ የታጠበበት ነው። የጥገናውን ምክንያት በየጊዜው ስጠይቃት መልሷ አንድ ነበር፤ «መኪናው ቆሞ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል።» አንድ ዕዳ ሦስት ጊዜ ተከፍሎ አሁንም ካልተዘጋ፣ የተከፈለው ለሌላ ነገር ነው ማለት ነው። የችግሩን መጨረሻ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። የሚንቀጠቀጥ ሞተር ዕቃ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው መመርመር ነው። ምርመራው ደግሞ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምሮ ወደሚያስወጣው በተራ ከተሄደ አብዛኛው በራሳችን ግቢ ውስጥ ሊሠራ ይችላል።

ይህ ነገር ዛሬ ከድሮው ይልቅ ያስፈልገናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው እንዴት እንደ ወጣ ገዝታችሁ አይታችኋል። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ያገለግለናል፤ በግምት የሚቀየር ዕቃም ከድሮው ይልቅ ኪስ ይጎዳል።

ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ምን ይሆናል?

መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበትን መካኒኮች ሚኒሞ ይሉታል። በአብዛኛው ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪና በዚህ ጊዜ ሞተሩ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ጊዜ ያህል ይዞራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ያቃጥላል። በ800 ዙር ብናሰላው አንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 400 ጊዜ፣ አራቱ በድምሩ 1,600 ጊዜ ያቃጥላሉ ማለት ነው።

አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ሲሄዱ አንዱ ቢደክም ቃሬዛው ይንገዳገዳል። ሞተርም እንዲሁ ነው። ስንነዳው ፍጥነቱ ስለሚሸፍነው ድክመቱ አይሰማንም፤ ቆሞ በዝግታ ሲዞር ግን ይገለጣል።

ለማቃጠል የሚያስፈልጉት ነገሮች አራት ናቸው፦ አየር፣ ነዳጅ፣ የእሳት ብልጭታ እና በሲሊንደሩ ውስጥ በደንብ የሚታመቅ ጉልበት። ሚኒሞ ሲበላሽ ምክንያቱ ከእነዚህ ከአንዱ አይወጣም፤ ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ተቀድዶ ንቅናቄው ወደ አካሉ ካልተላለፈ በስተቀር። የሒሳብ ሚዛን ሳይገጥም ሲቀር መዝገቡን በሙሉ እንደ አዲስ አንጽፍም፤ ልዩነቱ የት እንደገባ እንፈልጋለን። እዚህም የምናደርገው ያንኑ ነው።

አገራችን ከፍ ያለ መሆኑ

ባቄላ ቆላ ካለው ዘመድ ቤት ይልቅ እኛ ዘንድ ዘግይቶ እንደሚበስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ውሃ የሚፈላውም በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያው ስስ አየር ሞተሩ ውስጥም ይገባል።

የድሮ ካርቡራተር ይህን አያውቅም። የሚያልፍበት አየር ሲሳሳ የሚለቀው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቆላ ላይ ተስተካክሎ የመጣ መኪና ደባርቅ ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፣ ቆሞ ሲሠራ ይንገዳገዳል። እዚህ ተስተካክሎ በሊማሊሞ ወደ ዛሬማ የወረደ መኪና ደግሞ በተቃራኒው ቤንዚን ሊያንሰው ይችላል። እንግዲህ መኪና ከሌላ አገር ገዝታችሁ ስታመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተበላሸ?» ሳይሆን «ለዚህ አገር ተስተካክሏል ወይ?» መሆን አለበት። በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጩት፣ እንደ ቪትዝ ያሉት፣ ይህን ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ያደርጋሉ።

ኮፈን ከመክፈት በፊት

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ። ነጠላችሁን አውልቁ፣ ሻሽና ሹሩባችሁን ወደ ኋላ እሰሩ፤ የሚዞር ማራገቢያና ቺንጊያ የያዘውን አይለቅም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አታስነሱ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ የራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ቤንዚን ባለበት ሻማም ሆነ ክብሪት አይቅረብ፤ ብርሃን ካስፈለጋችሁ የእጅ ባትሪ ይበቃል።

መጀመሪያ፦ ማየትና ማዳመጥ

ይህ ምንም አያስከፍልም። መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው? ጠዋት በብርዱ ብቻ ከሆነና ሲሞቅ ከተወው፣ ቾኩን ወይም ለብርድ የተሠራውን ማስተካከያ ተጠራጠሩ። ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ቾኩ ሳይከፈት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ከሆነ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

ከማርሚታው ጫፍ ራቅ ብላችሁ አዳምጡ። «ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ» እያለ በእኩል ልክ የሚያቋርጥ ከሆነ አንድ ሲሊንደር ሥራ ፈትቷል ማለት ነው። ዝም ብሎ ወጣ ገባ የሚል፣ ልክ የሌለው ከሆነ አየር ወይም ነዳጅ ነው።

ጭሱንም እዩ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ሲሆን አትደንግጡ፤ በደባርቅ ጠዋት ነጭ እንፋሎት ያለ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ እና የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ ግን በቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል አትንዱት፤ ወደ መካኒክ ነው።

ሁለተኛ፦ አየር

የአየር ፊልትሮውን አውጡና ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ እዩ። ብርሃን ካላሳለፈ ታፍኗል። በበጋ የጠጠር መንገድ ላይ የሚሠራ መኪና ፊልትሮው ከከተማው መኪና ይልቅ ቶሎ ይሞላል። ቀስ ብላችሁ አራግፉት፤ የወረቀቱን በውሃ አታጥቡት።

ቀጥሎ የጎማ ቱቦዎቹን ተከተሉ። ከካርቡራተሩ በታች ሞተሩ አየር ይስባል፤ ከዚያ የሚነሱ ቀጫጭን ቱቦዎች ሲያረጁ ይሰነጠቃሉ። ያልተለካ አየር በስንጥቁ ሲገባ ሚኒሞ ይበላሻል። በጣታችሁ ጎንበስ ጎንበስ አድርጓቸው፤ ስንጥቁ ሲጎብጥ ይታያል። «ሲስ» የሚል ድምፅ ካለ አንድ ሜትር የሚያህል የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ከሚዞረው አርቃችሁ በየመጋጠሚያው አጠገብ አዙሩት፤ የሚተነፍሰውን ቦታ ያሳያችኋል። ጥቂት የሳሙና ውሃ ጠብ ስታደርጉበት የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠም ቀዳዳው እዚያ ነው። ቤንዚን ረጭቶ መሞከር ግን እሳት ነው፤ ማንም ቢያደርገው እናንተ አታድርጉት።

አሁን ወደዚያች እኅታችን መኪና ልመለስ። ምክንያቱ የተገኘው በዚህ ደረጃ ላይ ነበር። ከሞተሩ ተነሥቶ ፍሬን ወደሚያግዘው ክብ ቆርቆሮ፣ መካኒኮች ሰርቮ ወደሚሉት፣ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ካንዴላውም፣ ቦቢናውም፣ ካርቡራተሩም ጥፋት አልነበረባቸውም። የቱቦው ዋጋ ከሦስቱ ደረሰኞች ከትንሹም ያነሰ ነበር።

ይሁንና ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ያ ቱቦ የፍሬን ነው። ሰርቮው የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው አየር ስለሆነ ቱቦው ከተቀደደ ወይም ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ከጠፋ፣ የፍሬኑ ፔዳል ከጥቂት ርግጫ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፍሬኑ ጨርሶ ባይጠፋም መኪናውን ለማቆም እጅግ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ያ መኪና ሰው ጭኖ ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ነው። እንግዲህ «ቆሞ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ ይሄዳል» ብሎ መተው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ስለዚህ ይህን ሙከራ ሁላችሁም ተማሩት። ሞተሩን አጥፉ። ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡ፤ ይጠነክራል። እግራችሁን ሳታነሡ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ካልወረደ፣ ወይም ፍሬን በረገጣችሁ ቁጥር ሞተሩ ይበልጥ ከተንቀጠቀጠ፣ መኪናው ሳይታይ መንገድ አይውጣ። ቱቦው ሲቀየርም ለዚሁ ሥራ የተሠራ ጠንካራ ቱቦ ይሁን፤ የውሃ ጎማ በስበቱ ይጣበቃል፣ በጨርቅና በጎማ ቁራጭ መጠቅለልም ለፍሬን አይሆንም።

ሦስተኛ፦ የእሳት ብልጭታ

ድምፁ በእኩል ልክ የሚያቋርጥ ከሆነ ሰነፉን ሲሊንደር እንፈልግ። መጀመሪያ አራቱን የካንዴላ ገመዶች በፕላስተር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ ምልክት አድርጉ፤ ቦታቸው ከተቀያየረ ሌላ ችግር ትፈጥራላችሁ። ሞተሩን አጥፍታችሁ አንዱን ገመድ ከካንዴላው አውጡ፤ ጫፉን ትርፍ ካንዴላ አስገብታችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩት። ከዚያ ሳትነኩት ሞተሩን ለአጭር ጊዜ አስነሥታችሁ አዳምጡ። የበለጠ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር። ምንም ለውጥ ከሌለ ሰነፉ እሱ ነው። አጥፉ፣ መልሱ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሞተሩ እየሠራ ገመድ በእጅ መንቀል አደገኛ ነው፤ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ በሺዎች ቮልት የሚቆጠር ነው።

ሰነፉ ለምሳሌ 3 ቁጥር ሆነ እንበል። አዲስ ዕቃ አትግዙ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የ3ን ካንዴላ ወደ 2፣ የ2ን ወደ 3 አዛውሩ። ስንፍናው ወደ 2 ከተዛወረ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ አንድ ካንዴላ ችግሩን ይፈታል። እዚያው 3 ላይ ከቀረ ገመዱን በሌላ ሞክሩ። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ ከካንዴላና ከገመድ ውጭ ነው፤ ቫልቮላ ወይም የፒስቶን ፋሻ ሊሆን ስለሚችል የሲሊንደር ግፊት መለኪያ ያለው መካኒክ ይየው። አንድ ነገር ብቻ አዛውሮ ውጤቱን ማየት ከሁሉ የሚሻል ዘዴ ነው። ሦስት ነገር ባንድ ቀን ከተቀየረ፣ ቢሻለውም እንኳ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ያወጣችሁትን ካንዴላ ሳትጠርጉ አንብቡት። ጫፉ የቡና ከወተት መልክ ካለው ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ጥቁርና በዘይት የራሰ ከሆነ ዘይት እየገባ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል ወይም ሞተሩ ይግላል። ስትመልሱት መጀመሪያ በእጅ ብቻ አዙራችሁ አስገቡት፤ ጥርሱን ከሳተና በመፍቻ ከተገፋ ቴስታታው ይበላሻል፣ ያ ደግሞ ትልቅ ወጪ ነው። ፑንቲና ያላቸው የቆዩ መኪናዎች ላይ የፑንቲናው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ነው፤ በስፔሶር ይለካል፣ ከተቃጠለ ይቀየራል።

አራተኛ፦ ነዳጅ

በረገጣችሁት ጊዜ ደህና የሚሄድ፣ እግር ሲነሣ ግን የሚጠፋ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው የሚኒሞ ቀጭን ቀዳዳ የተደፈነችበት ነው። ብዙ ካርቡራተሮች ላይ አንዲት ሽቦ የገባችበት ትንሽ ቫልቭ አለች። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ ጆሮ ስጡ፤ «ቀጭ» ካላለች መጀመሪያ ሽቦዋን እዩ፣ ወልቃ ሊሆን ይችላል።

ቤንዚን ሲጠፋ በጀሪካንና በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የሚገዛው ውሃና ቆሻሻ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጥቂቱን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድታችሁ ብታስቀምጡት ውሃው ከታች ተለይቶ ይተኛል። ጀሪካኑ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ። ናፍጣ ለምትጠቀሙ፣ አይሱዙና ላንድክሩዘር ላላችሁ፣ ካንዴላ የሚባል ነገር አያስጨንቃችሁም፤ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ውሃ ማፍሰስና በነዳጅ መስመሩ አየር የሚያስገባ መጋጠሚያ መፈለግ ይቀድማል። ኖዝልና ፓምፕ የባለሙያ ነው።

የካርቡራተሩን ብሎኖች የምትነኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዱ የዙሩን ፍጥነት፣ ሌላው የቤንዚንና የአየሩን መጠን ይወስናል። የመጠኑን ብሎን ከማዞራችሁ በፊት በካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ እስኪዘጋ ስንት ዙር እንደሄደ ቆጥራችሁ ጻፉ፤ እንዳይጎዳ አታጥብቁት። ከዚያ ወደ ነበረበት መልሳችሁ፣ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ሩብ ሩብ ዙር እያደረጋችሁ ድምፁ የሚረጋበትን ፈልጉ።

አንድ ነገር ግን እንድትከለክሉ እለምናለሁ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ የፍጥነቱን ብሎን ብቻ አጥብቆ «በቃ ተስተካከለ» ማለት የተለመደ ነው። ዙሩ ሲጨምር ንቅናቄው ይደበቃል፤ ምክንያቱ ግን እዚያው አለ። ቤንዚን ቀኑን ሙሉ በከንቱ ይቃጠላል፤ ቁልቁለት ላይም ሞተሩ መኪናውን መያዙን ቀንሶ ሸክሙን ፍሬን ላይ ይጥለዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ወደ ጋራዥ ስንሄድ

መካኒኮችን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። በደንብ የሚመረምር መካኒክ ለአካባቢያችን ሀብት ነው። ነገር ግን «ይንቀጠቀጣል» ብቻ ብለን መኪናውን ስንሰጥ እንዲገምት እናስገድደዋለን። ሐኪም ዘንድ ሄደን «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ። በአንድ መስመር ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን፣ የታየውን ምልክት፣ የተሞከረውን፣ ውጤቱን፣ የወጣውን ገንዘብ ጻፉ። «ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ይንቀጠቀጣል፤ ጭስ የለውም፤ ፊልትሮ ንጹሕ ነው፤ ሰነፉ 3 ቁጥር ነው፤ ካንዴላ ተዛውሮ ለውጥ የለም» ብላችሁ የሄዳችሁ እንደሆነ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ዕቃ ይቀየር ሲባል «ምን አይተህ ነው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስምና የሠራተኛው ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ሴት ናት አታውቅም ብሎ የሚያስብ ካለም ደብተሩን ሲያይ አነጋገሩን ያስተካክላል።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የካንዴላ መፍቻ፣ ስፔሶር፣ ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ ፕላስተር፣ የእጅ ባትሪና አንድ ደብተር በአንድ ሳጥን ገዝተን በተራ ብንዋዋሳቸው ይጠቅመናል። ይህ ሁሉ ሲደመር በግምት ተቀይሮ ከቀረው አንድ ቦቢና ብዙም አይበልጥም። ከተስማማችሁበት በሚቀጥለው ስብሰባ ዋጋውን አጥንቼ አመጣለሁ፤ ሳጥኑን የምትይዘውንም እኅት አብረን እንመርጣለን።

እስከዚያው መኪና ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የፍሬኑን ሙከራ አድርጉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያልወረደ ፔዳል ያገኘች እኅት ነገ መኪናውን ሳታስወጣ ትደውልልኝ።